ብርዱ ወይስ ደኑ?

ሐረር ኖሮ ሐኪም ጋራ ላይ ያልወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት ጁገል በአንድ እቅፍ የሚገባ ይመስላል። ግንቡ፣ ሚናራዎቹ፣ ፈረስ መጋላ፣ ከግንቡ ውጭ እየሰፋ የሄደው አዲሱ ከተማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያል። በእኛ ቤት ቁም ነገር ሲኖር የምንመካከረው እዚያ ወጥተን ነው። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፣ ስልክ አለ፣ ጎረቤት አለ፤ ጋራው ላይ ግን ከነፋሱ በቀር የሚያቋርጠን የለም።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አምስታችንም የወጣነው ለእንዲህ ያለ ምክክር ነበር። ዕቁብ ወጥቶልናል። ዕዳችንን ከከፈልን በኋላ የተወሰነ ገንዘብ ተርፏል። እኔና ባለቤቴም ይህን ገንዘብ ለአንዴ እንኳ ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ ሳይሆን ከልጆቻችን ጋር ለመጓዝ እናውለው ብለን ተስማምተናል። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራችን ቤተሰባችን አንድ ላይ ከሐረር የወጣው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነው። ያልተስማማነው "ወዴት?" በሚለው ላይ ነበር።

ልጃችን አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ገና ሳይጠየቅ "በረዶ ያለበት" አለ። እኅቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። "አይሆንም! ጫካ! ዝናብ የማያቆምበት ጫካ!" አለች።

የሁለቱም ምኞት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የባለቤቴ እኅት የምትኖረው ከኖርዌይ ሰሜን ጫፍ በምትገኘው በትሮምሶ ከተማ ነው። እዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ አትወጣም። አክስቱ አንድ ቀን በቀትር ደውላ መስኮቷን በስልኳ ስታሳየው ውጭው እንደ ምሽት ደብዝዞ፣ የመንገዱ መብራት በርቶ፣ በረዶው ተቆልሎ አየ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰሜን ዋልታና ስለ ነጭ ድብ ያላነበበው የለም።

የልጅቷ ምኞት ደግሞ የሐረር ልጅ ምኞት ነው። ለእርሷ ውኃ ማለት ቢጫ ጀሪካን ነው። ከተማችንን ለዓመታት ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ደርቆ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶበታል፤ እርሷ ስትወለድ ግን ሐይቁ ከተረት አልተለየም። አማዞንን በቴሌቪዥን ባየች ቁጥር የምትጠይቀው ስለ እባቡ ወይም ስለ በቀቀኑ አይደለም። "ያ ሁሉ ውኃ የማን ነው?" ትላለች።

ሁለቱ የምድር ዳርቻዎች ሰውን የሚስቡት በተቃራኒ ምክንያት ነው። አርክቲክ አብዛኛው ዛፍ አያበቅልም፤ ብርዱና የረጋው መሬት ሥር እንዲሰድ አይፈቅዱለትም። ስለዚህ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው፤ የእንስሳቱ ዓይነት ጥቂት ቢሆንም ከሩቅ ይታያሉ። አማዞን በአንጻሩ ወደ 16,000 የሚጠጋ የዛፍ ዓይነት እንዳለው ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ሕይወት የሞላበት ነው። ነገር ግን ብዙው የሚኖረው ከላይ ቅጠሉ ውስጥ ስለሆነ መሬት ላይ የቆመ ሰው ሩቅ አሻግሮ ማየት አይችልም። አንደኛው ያለውን ሁሉ ያሳያል፤ ያለው ግን ጥቂት ነው። ሌላው ሁሉ አለው፤ ግን ይደብቃል።

ባለቤቴ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ "የአንድ ሰው ቲኬትና ቪዛ ዕቁቡን ከነትርፉ ይበላዋል፤ ሁለቱንም በቴሌቪዥን እንያቸው" አለ። ልጄ ፊቱን ወደ ከተማው አዞረ። በእርሱና በአባቱ መካከል ከመስከረም ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ንግግር አልነበረም። ምክንያቱ የትምህርት ጉዳይ ነው፤ ዝርዝሩን ልተወው። ባለቤቴ የሚሠራው ጅግጅጋ ስለሆነ ቤት የሚሆነው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ በሁለት ቀን ደግሞ ኩርፊያ አይፈታም።

ያን ጊዜ ነው አማቴ የተናገሩት። እኛ እማማ ነው የምንላቸው።

ጠዋት በረዶ፣ ቀትር ላይ ቡና

"አባታችሁ በሕይወት ሳሉ ከጎባ ደሎ መና ጭነት ይጭኑ ነበር" አሉ እማማ። "ጠዋት ጎባ በላይ ውኃው እንደ መስተዋት ረግቶ በድንጋይ ይሰብሩታል። ቀትር ላይ ጫካ ውስጥ ገብተው፣ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ቡና ሥር ቁጭ ብለው ምሳ ይበላሉ። በአንድ ቀን ነው ይኼ። እኔ ግን አንድም ቀን ይዘውኝ አልሄዱም።"

ልጆቹ ተያዩ። እኔ ነገሩን እንደ ሾፌር ጨዋታ ነበር የምቆጥረው። በኋላ ሳነብ ግን ሟቹ አማቴ አንድም ቃል እንዳልጨመሩ ተረዳሁ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በመካከሉ ያለው የሳነቲ አምባ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከአምባው በስተደቡብ መሬቱ ቁልቁል ይወርድና የሐረና ደን ይጀምራል፤ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ቀጥሎ በአገራችን ትልቁ እርጥብ ደን ይኸው ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ከጎባ ደሎ መና የሚወስደው 110 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ያንን ቁልቁለት በመኪና መውረድ ከአንድ የዓለም ክፍል ወደ ሌላ እንደመሻገር ይቆጠራል።

ሳነቲን "የእኛ አርክቲክ" ብል ጂኦግራፊ መምህራን እንዳይቆጡኝ አንድ ልዩነት ልናገር። ሰሜን ዋልታ አካባቢ ብርዱ ወቅት አለው፤ ወራት የሚቆይ ክረምት፣ ከዚያም አጭር በጋ። ሳነቲ ላይ ግን ሁለቱ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ይፈራረቃሉ። በጥር ቀትር ላይ ፀሐዩ ፊት ይልጣል፤ በዚያው ሌሊት መሬቱ አመዳይ ለብሶ ያድራል።

የጥንቱ ዘመን ብርድ ምልክትም አልጠፋም። በበረዶ ዘመን እነዚህ ተራሮች እውነተኛ የበረዶ ግግር ነበራቸው። በአምባው ደቡባዊ ጠርዝ ትልልቅ ድንጋዮች ሰው የደረደራቸው ይመስል በመስመር ተሰልፈው ይገኛሉ። ያሰለፋቸው ሲረጋና ሲቀልጥ የኖረው መሬት ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ነገር በብዛት የሚታወቀው በዋልታ አካባቢ አገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ ፊንጫ ሐበራ በሚባል የባሌ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች ይኖሩ እንደነበር አረጋግጧል። ከበረዶው ብዙ ሳይርቁ ነበር የኖሩት። ዋናው ምግባቸውም ዛሬም በአምባው ላይ ያለው ትልቁ ፍልፈል ነበር፤ ጠብሰው ይበሉት ነበር። ይህን ለልጄ ሳነብለት ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን አስቀመጠ።

ጋራው ደም ግፊት አይለካም

እንግዲህ ባሌ እንሂድ በሚለው ሁላችንም ተስማማን። ምርጫው ግን እዚያም ተከትሎን መጣ። ከሐረር ባሌ ሩቅ ነው። በካርታ ላይ ሐረርጌና ባሌ ጎረቤት ናቸው፤ የሚለያቸው ዋቤ ሸበሌ ነው። ከሐረር በስተምሥራቅ የሚወርደው የኤረር ውኃ እንኳ ወደ ደቡብ ሄዶ ከዋቤ ሸበሌ ጋር ይቀላቀላል። መኪና ግን እንደ ውኃ አይሄድም። እኛ የሄድነው በአዳማ፣ በአሰላና በዶዶላ ዞረን፣ አዳማ አድረን በሁለተኛው ቀን ነው። የመሄጃና የመመለሻው ቀን ሲቀነስ ከልጆቹ የጥር ዕረፍት ለባሌ የሚተርፈው ሦስት ሌሊት ብቻ ነበር። አንዱን ጎባ እናድራለን። ሁለቱን የት? አምባው ላይ ወይስ ደኑ ውስጥ?

እማማ የደም ግፊት አለባቸው። ስሙ ሐኪም ይሁን እንጂ ጋራው ደም ግፊት አይለካምና ወደ ሐኪም ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ የነገረን ለብዙ ቤተሰብ የሚጠቅም ስለሆነ እዚህ ላስፍረው። የከፍታ ሕመም የሚባለው ከ2,500 ሜትር በላይ ሊጀምር ይችላል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ናቸው ምልክቶቹ። በ4,000 ሜትር ላይ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚያገኘው ስድሳ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሐረር ከ1,900 ሜትር ብዙ ስለማይርቅ ሰውነታችን ለዚያ ከፍታ አልተለማመደም። ከሁሉ በላይ የሚወስነው ቀን የሚደረስበት ሳይሆን የሚታደርበት ከፍታ ነው። ሕመሙ ከጀመረ ቶሎ ወደ ታች መውረድ ነው፤ "ትንሽ ልረፍና ይተወኛል" ማለት አደገኛ ነው። "በመኪና ሳይቆዩ ይለፉ፤ እዚያ ግን እንዳያድሩ" አለን።

ለእኔ ነገሩ አለቀ ማለት ነበር፤ ሁላችንም ደን። ባለቤቴ ግን በስልክ ሌላ ሐሳብ አመጣ። "እናንተ ደኑ ውስጥ እደሩ፤ እኔና ልጁ አንዱን ሌሊት አምባው ላይ እናድራለን" አለ።

ተቆጣሁ። ስንት ዓመት ጠብቀን፣ ገንዘብ አውጥተን፣ አብረን ልንሆን ወጥተን መለያየት ምን የሚሉት ነው? በዚያ ላይ የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ድንኳን፣ በዚያ ብርድ ምን ሊፈይዱ ነው? ይህን ሁሉ አልኩት። መልሱ አጭር ነበር። "ሁላችንም አንድ ላይ ስንሆን እኮ እርሱ ከእኔ ጋር መሆን የለበትም" አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ረጅም ጊዜ አሰብኩበት። አምስት ሰው በተቀመጠበት ገበታ አንድ ልጅ አባቱን ሳያናግር በልቶ መነሣት ይችላል። ሁለት ሰው ባለበት ድንኳን ግን ቢያንስ "መብራቱን አቀብለኝ" ማለት አይቀርም። በመጨረሻ እሺ አልኩ፤ ደስ ብሎኝ ግን አልነበረም።

የሚታየውና የማይታየው

ዲንሾ ላይ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ሳናልፍ የመግቢያውን ከፈልን፣ አስጎብኚ ያዝን፣ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ተከራየን። ከመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን መንጋ ከከርከሮ ጋር ተቀላቅሎ ይግጥ ነበር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል የለም።

በማግሥቱ ጠዋት በተከራየነው ላንድክሩዘር ከጎባ ወጣን። መጀመሪያ ጥድና ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ምንም። ዛፉ በድንገት ያልቅና ሰማይ ይበዛል። ሜዳው ላይ ቁመታቸው ከሰው የሚበልጥ ጅብራዎች ተራርቀው ቆመዋል። "እንደ ጅብራ ተገተርክ" እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ጅብራን ሳይ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ጅብራ ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያም ይደርቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስድቡ ትንሽ ግፍ መሰለኝ።

እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመኪናው አልወረዱም። መንገዱ ከፍተኛው ላይ ሲደርስ ግን ሾፌሩን "አንድ ጊዜ አቁምልኝ፣ ልጄ" አሉት። መስኮቱን ከፍተው አዩ። ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ነው፤ ነፋስ ብቻ። "ይኼን ሁሉ ብቻቸውን!" አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ግንባራቸውን ሲይዙ ሳይ ራሳቸውን እንዳመማቸው ገባኝና ሳንቆይ ቀጠልን። ባልና ልጄ ከአስጎብኚው ጋር ከነሻንጣቸው ወርደው ቀሩ። ዘወር ብዬ ሳይ ሁለቱም ጅብራ መስለው፣ በሃያ ሜትር ርቀት ተለያይተው ቆመዋል።

የአምባው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ደኑ ከእግር በታች ነው፤ በደመና ተሸፍኖ አይታይም። ጠመዝማዛውን ወርደን ሪራ መንደር ስንደርስ የእማማ ራስ ምታት ተወ። ያደርነው ከዚያ ዝቅ ብሎ ካቻ በሚባለው የድንኳን ቦታ ነው።

ልጄ ዝናቧን ጠብቃ ነበር። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥር ለሳነቲ ጥሩ ወር ነው፤ ሰማዩ ይጠራል። ለሐረና ግን ደረቅ ወር ነው፤ ዝናቡ የሚበዛው ከመጋቢት ወዲህ ነው። የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ ስንሄድ ቆይተን አንድም እንስሳ አላየንም። "ምንም የለም እኮ" አለችና አኮረፈች። ከእኛ ጋር የነበረው የአካባቢው ሰው ሳቀ። "ስትራመዱ ይሰሟችኋል። ተቀመጡ፣ አትናገሩ" አለ። አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን።

ልጅ ዝም ማሰኘት ቀላል አይደለም። ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ደኑ ለመደን። መጀመሪያ ከላይ እንደ ትልቅ ወንፊት ሲነፋ ያለ ድምፅ መጣ፤ ምንቃሯ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያላት ትልቅ ወፍ ክንፏን እያማታች አለፈች። ቀጥሎ ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን አንጠልጥለው ከዛፍ ዛፍ ተወረወሩ። በማግሥቱ ጠዋት ከሪራ በኩል ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አየን። ይህች ጦጣ የምትገኘው በባሌና በአቅራቢያው ባሉ የደቡብ ኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ነው፤ ዋና ምግቧም የቀርከሃ ቅጠል ነው። አንበሳም አለ ይላሉ፤ እኛ ግን አላየንም፤ እውነቱን ለመናገር አልፈለግንምም።

ዝናብ አልዘነበም። ሌሊት ግን ጭጋጉ ወረደና ዛፎቹ ላይ ከተንጠለጠለው ሽበት እስኪነጋ ድረስ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። ልጄ የሻይ ኩባያዋን ከድንኳኑ ውጭ አስቀምጣ ተኛች። ጠዋት ታችኛው ወለል ረጥቦ ነበር። ለካ ደን ዝናብ ብቻ ሳይሆን ጭጋግም ይጠጣል። ከእነዚህ ተራሮች የሚወጡት ወንዞች በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ 12 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ውኃ እንደሚሰጡ ነገርኳት። "ታዲያ እኛ ጋ ለምን አይመጣም?" አለች። የኤረርን ነገር ላስረዳት ሞከርኩ፤ ኤረር ከእኛ ወደ ዋቤ ሸበሌ እንጂ ከባሌ ወደ እኛ እንደማይፈስ ስትረዳ አልተደሰተችም።

እማማ የተደሰቱት በሌላ ነው። ከካቻ በመኪና ብዙ ዝቅ ስንል ሰው ያልተከለው ቡና ከትልልቅ ዛፎች ሥር በቅሏል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብርሃን ፍለጋ የተንጠራራ ነው። የሐረርጌን የቡና ማሳ ለሚያውቅ ሰው ዘመድ ቢመስልም ጠባዩ ሌላ ነው። ለቀማው አልፎ እዚህም እዚያም የተረሳ ቀይ ፍሬ ብቻ ቀርቷል። እማማ ቅጠሉን ቀጥፈው በእጃቸው አሽተው አሸተቱ። "ኩቲ ይሆናል" አሉ፤ እኛ ሐረር ቀቅለን የምንጠጣውን የቡና ቅጠል ማለታቸው ነው። አባታችን ምሳቸውን የበሉት ከየትኛው ሥር እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው ስላልቻለ አንዱን ራሳቸው መርጠው ተቀመጡበት።

አንዱን ብቻ መምረጥ ላለበት ቤተሰብ የምለው ይህን ነው። ትዕግሥት የሌለው ልጅ ካለ አምባው ይሻላል፤ በአንድ ጠዋት ብዙ ያያል። አረጋዊ ወይም የልብና የደም ግፊት ሕመምተኛ ካለ ደኑ፤ መንገዱ በአምባው በኩል ስለሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። ለአምባው ጓንት፣ ኮፍያና ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት ያስፈልጋል። ለደኑ ሙሉ ጫማና ረጅም ሱሪ፤ ከ2,000 ሜትር በታች ለሚያድር ደግሞ የወባ አጎበር። ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መግባት የለም። ምክንያቱን ከልጄ እመለስበታለሁ። ባሌ ለሚርቀው የሰሜን ሰው ስሜን አለለት፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ለጅማና ለአካባቢው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ ደን ቦንጋ ላይ አለ። የትም ቢሆን ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

በጠርሙስ የመጣው

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎባ ደሎ መና የሚሄደው አውቶቡስ ካቻ ላይ ቆመና ሁለቱ ወረዱ። ፊታቸው በፀሐይ ተቃጥሎ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ልጄ ሻንጣውን ሳያወርድ ማውራት ጀመረ። ለወትሮው "እንዴት ዋልክ?" ሲባል "ደህና" ብሎ በሩን የሚዘጋ ልጅ ነው።

ያደሩት ገርባ ጉራቻ ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ነው። ሐይቁ የተኛበትን ጉድጓድ የፈለፈለው የጥንቱ የበረዶ ግግር ነው። አስጎብኚው በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ እንዳለ ሲነግራቸው ልጄ በደስታ፣ አባቱ በፍርሃት ሰሙት። ሌሊቱን ብርዱ ስላላስተኛቸው ሲያወሩ አደሩ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጠዋት ግን ቀይ ቀበሮ አይተዋል፤ ብቻዋን፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ስታደባ።

"እማዬ፣ ነጭ ድብ በዓለም ላይ ወደ 26,000 ይገመታል" አለኝ። "ቀይ ቀበሮ ግን 500 እንኳ አይሞላም። ከግማሽ በላዩ እዚህ ነው ያለው። እኔ ኖርዌይ ሄጄ ላይ እፈልግ የነበረው ከዚህ የበዛውን ነው።" የውሻውን ነገር የነገረኝም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተላልፎ፣ በወረርሽኙ በተመታው የዌብ ሸለቆ ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። ከ2018 ወዲህ ለቀበሮዎቹ በምግብ ውስጥ የሚቀመጥ ክትባት ይሰጣቸዋል።

ከዚያ ከሻንጣው አንድ የውኃ ጠርሙስ አወጣና ወደ እማማ ሄደ። ጠዋት ከመንገዱ ዳር ኩሬ ላይ የሰበረውን በረዶ ሞልቶበት ነበር። በካልሲና በሹራብ ጠቅልሎ ነው ያመጣው።

እማማ ጠርሙሱን ከፍ አድርገው አዩት። "ይኼማ ውኃ ነው" አሉ።

"ጠዋት በረዶ ነበር" አለ።

መዳፋቸው ላይ ትንሽ ጠብ አደረጉና ግንባራቸውን አበሱበት። ገና ቀዝቃዛ ነበር። የቀረውን እኅቱ ተቀብላ ከሻይ ኩባያዋ ጠል ጋር ቀላቀለችው። ቤት ድረስ ይዛው መጥታ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣዋለች፤ ማንም እንዳይነካው ተብሏል።

ዘንድሮ ዕቁቡ ሌላ ሰው ጋ ነው። ቢሆንም ባለፈው እሑድ ጋራው ላይ ወጣን። ልጅቷ በሐምሌ ቦንጋ እንሂድ ትላለች፤ ዝናቡን አጣርታለች። እማማ የቡና ቅጠል ያለበት ይሁን እንጂ ግድ የለኝም ብለዋል። ባለቤቴ በማግሥቱ ወደ ሥራው የሚመለስበት ቀን ነበርና ሰዓቱን እያየ ለመነሣት ሲሰናዳ ልጄ ከኋላው ተከተለው።

"አባዬ፣ ስሜን ላይ ድንኳን ያከራያሉ እንዴ?"